ዶልፊን ላይ የተሠራች የመኝታ መኪና፦ ከወራት የጅማ፣ የአርባ ምንጭና የአዶላ መንገድ በኋላ

የመኝታ መኪና ላሠራ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አልጋው ነው፤ ይመቻል ወይ፣ ለሁለት ይበቃል ወይ፣ ልጅ የት ይተኛል። አልጋ ማንም አናጢ ይሠራል። በጋም ክረምትም ስንነዳት የቆየነው ይቺ መኪና ግን የተለየችው በሦስት ነገር ነው፦ ቁልቁለት ላይ ጭነቷን እንዴት ይዛ እንደምትወርድ፣ ፍሪጇና መብራቷ ሌሊቱን ማደር አለማደራቸው፣ ፒስታ ላይ ደግሞ አቧራው ከውጭ መቅረት አለመቅረቱ። በሁለቱ አልፋለች። በአቧራው ገና ናት።

መነሻዋ ቶዮታ ሃያስ ናት፣ ዶልፊን የምንላት። ሞተሯ 5ኤል ነው፤ ሦስት ሊትር ገደማ፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ጉልበት የሚፈልግ ሰው አባዱላ ይሻለዋል። ለረጅም መንገድ ግን ዶልፊንን የምናስቀድመው የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ነው፤ ታርጫም ቦሬም ላይ ያለ መካኒክ ያለ ኮምፒውተር፣ በተራ ቁልፍ ይፈታዋል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያለችውን አሮጌ መኪና ማደስ ከበፊቱ የበለጠ ትርጉም አለው። ስትገዙ ሞተሩን ብቻ አትዩ። የተንሸራታቹን በር ሐዲድ፣ የወለሉን ላሜራና የባሌስትራ መያዣዎቹን ከሥር ገብታችሁ እዩ። ወለሉ ከበሰበሰ ላዩ ላይ የሚሠራው እንጨት ሁሉ ከንቱ ነው።

የቀድሞ ታክሲ ከሆነች ሰማያዊውን ቀለም ቀይሩት። ለውበት አይደለም። ጎጀብና ኦሞ ቆላ ውስጥ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ፣ ጼጼ የሚባለው፣ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስበዋል፤ የሚንቀሳቀስ ነገርም ይከተላል። ዝንቡን ለማጥመድ የሚተከለው ወጥመድ ራሱ በሰማያዊ ጨርቅ የሚሠራው ለዚሁ ነው። ነጭ መኪና እዚያ ሸለቆ ውስጥ መስኮት ከፍታ ለመቆም የተሻለ ዕድል አላት።

መንገዱን የመረጥነው መኪናዋን በሁሉም ዓይነት ከፍታ ስለሚፈትናት ነው፤ በአንዱ ወገን ፍራፍሬው አገር፣ በሌላው ወርቁ አገር ያደርሳል። ከጅማ ወደ ደቡብ ወጥቶ ጎጀብን ተሻግሮ ጭዳ፣ ከዚያ ታርጫ፣ ኦሞን አልፎ ሶዶ፣ ከሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ አርባ ምንጭ። ሙዙና ማንጎው እዚያ ነው። ፖም የሚፈልግ ጨንቻ ይወጣል። ወርቁ በሌላው ወገን ነው፤ በሶዶ ተመልሶ በሀላባ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ፣ አለታ ወንዶ፣ ሀገረ ሰላም፣ ቦሬ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ አዶላ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ክብረ መንግሥት ወደሚላት፣ እና ሻኪሶ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አርባ ምንጭ 1,300 አካባቢ፣ ጨንቻ ከ2,700 ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ ጨንቻ ላይ የምትወጣው መኪና ሩብ ያህል ኃይሏ የለም ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ካበዛች ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ማስጨነቅ ትርፍ የለውም፤ አየሩ አይበቃም እንጂ ናፍጣው አላነሰም። ማርሽ ቀንሱና በዝግታ ውጡ።

ክብደት የት እንዳለ

ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት፤ በርጩማውን የማያውቅ የለም። ችግሩ አናጢዎቻችን የሚያውቁት የቤት ዕቃ መሆኑ ነው። የቤት ቁም ሣጥን ሲከብድ ጥሩ ነው፣ የመኪና ቁም ሣጥን ሲከብድ ጠላት ነው። ዋንዛ መርጠን አሠርተናል፤ ቀላል ነው፣ በደንብ ከደረቀ ብዙ አይጣመምም፣ ሲወለወልም ያምራል። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ይሰነጠቃል። ቺፑድ ጭራሽ አይሞከር፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ፒስታው ሲያንቀጠቅጠው ብሎኑ ቀዳዳውን አስፍቶ ይወጣል። አጽሙን በ3 በ4 ሴንቲ ዋንዛ፣ የአልጋውን ወለል በ9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ የመሳቢያና የበር ገጾቹን በ6 ሚሊ ማሠራት ይበቃል። ማገጣጠሚያው ሁሉ በኮላና በቡሎን ይሁን፤ ዳዶው ውስጡ ናይሎን ያለው፣ በራሱ የማይፈታው ዓይነት። በምስማር የተመታ ነገር ሁሉ ጭዳ ሳይደርስ ይጮኻል።

ሚዛን ላይ ሳትወጣ መኪናዋ ተሠርታ አለቀች አትበሉ። ጅማ ውስጥ ለቡና ጭነት የሚያገለግሉ የመኪና ሚዛኖች ስላሉ ነገሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ የፊት ጎማ ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላ ብቻ፣ ከዚያ ሙሉዋን አስመዝኑ፤ የተጻፈውንም ከመኪናው ሰሌዳ ላይ ካለው የጭነት ልክ ጋር አስተያዩ። የእኛዋ የተጨመረባት ይሄ ነው፦ እንጨት 118 ኪሎ፣ ፍራሽ 14፣ ፍሪጅ 13፣ ባትሪ 12፣ ሶላር ከነመያዣው 11፣ ውሃ 60፣ ጋዝና ምድጃ 12፣ ልብስና የማብሰያ ዕቃ 45። ድምሩ 285 ኪሎ። ሙሉ ተሳፋሪ ከጫነች ሚኒባስ ጋር ስትነጻጸር ይሄ ምንም አይደለም።

ታዲያ ምኑ ያስቸግራል? ቦታው። ተሳፋሪ ግራና ቀኝ ይቀመጣል፤ አናጢ ግን ኩሽናውን፣ የውሃ ታንከሩንና ባትሪውን ለመሥራት እንዲመቸው ሁሉንም ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ይደረድራል። አስፋልት ላይ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከጎማው መሐል እስከ ክንፉ ጠርዝ በሜትር ለኩ። የግራና የቀኙ ልዩነት ከ1 ሴንቲ ካለፈ ባሌስትራው በአንድ ወገን እየደከመ ነው። የእኛዋ መጀመሪያ ስትወጣ በግራ በኩል 3 ሴንቲ ዘማ ነበር። ታንከሩ ወደ ቀኝ፣ ከኋላ ጎማው አክስል ፊት ለፊት ሲዛወር ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ በታች ወረደ፤ ባሌስትራ መጨመር አላስፈለገም። ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚያቀርበው ግን ባሌስትራ መጨመርን ነው። እሱን ካደረጋችሁ መኪናዋ ትደርቃለች፣ ኮረኮንች ላይ ውስጧ ያለው ሁሉ ይንጓጓል፣ መዝመሟም አይድንም።

ሁለተኛው ፖርቶመጋላ ነው። ከአርባ ምንጭ ሲመለስ ሙዝ የማይጭን ሰው የለም፤ አንድ ጥሩ ዘለላ 25፣ 30 ኪሎ ይመዝናል። አራት ዘለላ ጣራ ላይ ማለት አንድ መቶ ኪሎ በላይ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ጠመዝማዛ ላይ መኪናዋ ከመታጠፏ በፊት ስትጋደም ይሰማችኋል። ጣራ ላይ ሶላሩና ባዶ ጀሪካን ብቻ ይኑር፤ ሙዙ ወለል ላይ፣ አልጋው ሥር ይግባ።

ከጨንቻ መውረድ

ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለቱም ወደ 1,400 ሜትር ይደርሳል። 2,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና በዚያ ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 9.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ውስጧ ያለው ሊቲየም ባትሪ ሰባት ጊዜ ከባዶ ተነሥቶ የሚሞላበት ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ወይ በሞተሩ ይያዛል ወይ በፍሬኑ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ደንቡ የታወቀ ነው፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ወይም ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት የለም። ፍሬኑን ያለማቋረጥ በቀስታ ከመያዝ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን ጥሎ መልቀቅ ይሻላል፤ በመሐሉ ይተነፍሳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፍሬን ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አይጎድለውም። አዲስ ዶት 3 ዝቅተኛው የመፍያ ልኩ 205 ዲግሪ ነው፣ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሆኖ 230፣ ረጥቦ 155። ዘይቱ ቧንቧው ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባና መኪናዋ አትቆምም። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ከነአካቴው ይቀየር፣ የሚቻል ከሆነ በዶት 4። ላዩ ላይ መጨመር መቀየር አይደለም። ወደ ታች ስትደርሱ ወዲያው የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትቁሙ፣ ውሃም አትርጩበት፤ የጋለው የፍሬን ታምቡር ይጣመማል። ጥቂት ኪሎ ሜትር በሜዳው ላይ ንዱት።

ባትሪና ዲናሞ

ከተገዛው ዕቃ ሁሉ ገንዘቡ የማያስቆጨው ሊቲየም ባትሪው ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት፣ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት። በዚያው ልክ ያለ የአሲድ ባትሪ 25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገም ከግማሽ በታች አይወርድም። ይሄኛው 12 ኪሎ ሆኖ ከ80 በመቶ በላይ ይሰጣል። ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት እንደሌለበት ይነገራል፤ ቦሬም ጨንቻም ቢበርዱ መኪና ውስጥ ያንን ያህል አይወርድም።

ጣጣው የሚመጣው ባትሪውን በቀጥታ ከዲናሞው ጋር ማገናኘት ሲመጣ ነው። አንዳንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን «ወፍራም ሽቦ ብቻ ይበቃል» ይላል። አይበቃም። የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለውን ይቀንሳል፤ ሊቲየም ግን እስኪሞላ ድረስ ዲናሞው የሰጠውን ሁሉ ይጠጣል። ዲናሞው በሙሉ አቅሙ ለሰዓታት ይሠራል፣ ዳገት ላይ በዝግታ ሲዞር የራሱ ማራገቢያ አያበርደውም፣ በመጨረሻ ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ። የባትሪው ውስጣዊ መቆጣጠሪያ ድንገት ሲቆርጥም ቮልቱ ይዘልና ያንኑ ያደርጋል። መፍትሔው በመሐል የሚገባ ባለ 20 አምፔር ዲሲ ቻርጀር ነው። ከቁልፍ መስመር ጋር ይያያዝ፤ ሞተር ሲጠፋ እሱም ይጥፋ፣ አለዚያ የማስነሻ ባትሪውን ሌሊት ይጨርሰዋል።

ሽቦው 16 ካሬ ሚሊ ይሁን። ቻርጀሩ ከፊት እስከ 25 አምፔር ይስባል፤ 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር በሚመለስ 10 ካሬ ሽቦ ላይ 0.44 ቮልት ይጠፋል፣ በ16 ካሬ 0.27 ብቻ። ሁለቱም ባትሪዎች አፍ ላይ 40 አምፔር ፊውዝ አስገቡለት፤ አንዱ ጋ ብቻ ማድረግ ሌላኛውን ጫፍ ባዶ ይተወዋል። ሽቦው ላሜራ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ያስፈልገዋል። የተቃጠለ የመኪና ሽቦ ፈልጋችሁ ብታዩ አብዛኛው የተቆረጠው ላሜራው ጠርዝ ላይ ነው።

በ20 አምፔር ባዶ ባትሪ በአምስት ሰዓት ግድም ይሞላል፤ ከጅማ ሶዶ ያለው የመንገድ ሰዓት ይበቃዋል። ጣራ ላይ ያለው 200 ዋት ሶላር በጋ ላይ በቀን 60 አምፔር ሰዓት ያህል ያስገባል። ሐምሌና ነሐሴ ጅማ ቆማ ከሆነ ግን ደመናው ግማሹን እንኳ ላያስገኝ ይችላል። ፓነሉን ጣራው ላይ አታጣብቁት፣ 3 ሴንቲ ክፍተት ተዉለት፤ ሲግል ከእያንዳንዱ ዲግሪ ጋር 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ፍሪጁ፣ ሙዙና ፖሙ

ፍሪጁ 40 ሊትር፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ነው። ሲሠራ 45 ዋት ገደማ ይስባል። ጅማ ላይ በቀን 30 አምፔር ሰዓት ያህል ይበቃዋል፣ አርባ ምንጭ ሙቀት ላይ 45 ይደርሳል። ሚያዝያና ግንቦት አርባ ምንጭ ዝናብ ሲጠና ሶላሩ አይደርስለትም፤ ሁለት ሦስት ቀን አንድ ቦታ ለመቆም ያሰበ ሰው በየመሐሉ ሞተር ማስነሣት ወይም ከሎጅ ሶኬት መለመን አለበት። ኮምፕሬሰር የሌለውን፣ ያበርዳልም ያሞቃልም የሚባለውን ርካሽ ሣጥን አትግዙ፤ ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ እንጂ ፍሪጅ መሆን አይችልም፣ ባትሪውንም ቀን ከሌት ይልሳል።

በፍራፍሬ አገር ፍሪጅ ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ መክተት ነው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ይጎዳል፤ ልጣጩ ይጠቁራል፣ አውጥታችሁ ብታስቀምጡትም በወጉ አይበስልም። ጥሬ ማንጎም እንደዚያው ነው። ጠንካራ አቮካዶ ውጭ ይቆይ፣ ሲለሰልስ ብቻ ይግባ። ፍሪጁን የሚወደው የጨንቻ ፖም ነው። ፖም ውጭ ከሙዝ ጋር በአንድ ከረጢት ከተቀመጠ ደግሞ የሚያወጣው ጋዝ፣ ኤቲሊን፣ ሙዙን በአንድ ጊዜ ያበስለዋል፤ አረንጓዴ የገዛችሁት ዘለላ በጥቂት ቀን ቢጫ፣ ብዙም ሳይቆይ የዝንብ ግብዣ ይሆናል። ፖሙን በፍሪጅ፣ ሙዙን አልጋ ሥር ለዩ።

አልጋ ሥር ያለው ሣጥን በሁለቱም ጫፍ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው፣ በሽቦ ወንፊት የተዘጋ፣ አየር እንዲያልፍ። የተቆረጠው የዘለላ አንገት ወደ ታች ዞሮ ፕላስቲክ ላይ ይረፍ። ከአንገቱ የሚንጠባጠበው ወተት መሳይ ፈሳሽ ዋንዛ ላይ ጥቁር እድፍ ይተዋል፣ በሳሙናም በናፍጣም አይለቅም፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ እዚያው ነው። ማንጎ ልጣጩ ላይ ነጭ ነጥብና ሮዝ ጠባሳ ካለው የነጭ ማንጎ ተባይ ነው፤ ውስጡን አይነካውም፣ አጥባችሁ ብሉ፣ ዋጋ ግን ተከራከሩበት። ፓፓያ ለፒስታ መንገድ አይሆንም፤ ሌላ ምንም አልልም።

ውሃ

ታንከሩ 60 ሊትር ነው። ለሁለት ሰው ሦስት ቀን፣ ጠንቃቃ ከሆኑ አራት። ግልጽ ወይም ነጭ ታንከር ውስጡ አልጌ ያበቅላል፤ በጥቁር ሸራ ይሸፈን። ከፓምፑ በፊት ያለችውን ትንሽ ወንፊት በየሞላችሁ ቁጥር ፈትታችሁ እጠቡ፤ በክረምት ቀይ ደለል ይዘጋትና ፓምፑ እየጮኸ ውሃ አይወጣም፣ ሰው ሁሉ ፓምፑ ተቃጠለ ብሎ አዲስ ይገዛል። ለመጠጥ ውሃ አጋር ጨምሩ፣ ጠርሙሱ ላይ ባለው ልክ፣ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ።

ውሃ አጋርም ሆነ ማፍላት የማያወጡት ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆው ወለል ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ታንከሩን ሶዶ ላይ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ሞልቶ መውረድ ይሻላል። በአዶላና ሻኪሶ ደግሞ ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ለማንኛውም አገልግሎት ውሃ አትቅዱ። ጭቃው ቢጠልልም የተሟሟ ብረት አይጠልልም።

አቧራና ዝናብ

መኪናዋ ያልወጣችው ፈተና ይሄ ነው። መኪና ሲሄድ ከኋላው ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ የኋላ መስኮት ትንሽ ከተከፈተ አቧራው ይሳባል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ ፒስታ ላይ የኋላ መስኮትና የጣራ ማስተንፈሻ ይዘጋ፣ የጋቢናው ማራገቢያ የውጭ አየር ላይ ሆኖ በሁለተኛ ፍጥነት ይሥራ፤ ከውስጥ የሚገፋ አየር አቧራውን ይመልሰዋል። የበር ጎማዎቹን ለመፈተሽ ፍሬሙን ጠመኔ ቀቡና በሩን ዝጉ፣ ክፈቱ፤ ጎማው ላይ ጠመኔ ያልነካው ቦታ ቀዳዳው ነው። የኋላውን በር በ12 ሚሊ ባዶ ጎማ አስተካክለነዋል፣ ጸድቷል። የተንሸራታቹ በር መሐለኛ ሐዲድ ግን እስካሁን ያስገባል። ሐዲዱ በባሕርዩ ክፍት ነው፤ የጫማ ብሩሽ መሳይ ጠርዝ መግጠም ይቀንሰዋል፣ አያቆመውም። ከቡሌ ሆራ በኩልም ሆነ ከሻኪሶ ውስጥ ለውስጥ ከተነዳ በኋላ አልጋ ልብሱ ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል።

ዝናቡን ግን ትችላለች። የሶላሩ እግሮች በፖሊዩረቴን ማሸጊያ ስለተያዙ ነው፤ ተራ ሲሊኮን በፀሐይና በንዝረት ከላሜራው ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አይይዝም። ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ አፉ ወደ ኋላ ይዙር። ግድግዳው ውስጥ የመስታወት ጥጥ አትጠቅጥቁ፣ ውሃ ይይዛል፤ ቀዳዳው የተዘጋ ፎም ላሜራው ላይ ተለጥፎ ከእንጨቱ 1 ሴንቲ ይራቅ። ሁለት ሰው ተኝቶ የሚያወጣው ትንፋሽ ብቻ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ነው። ሁለት መስኮት በጣት ስፋት ካልተከፈተ ጠዋት ዋንዛው ጀርባ ያልበዋል፣ በሁለት ወር ይሻግታል። አርባ ምንጭ ላይ እነዚያው መስኮቶች የወባ ትንኝ መረብ ይኑራቸው፤ በማግኔት ጠርዝ የሚያያዘው ይበቃል።

ጋዝ፣ ከሰል፣ ቦሬ

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ያለበት ሣጥን ከሥሩ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቱቦውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ቦሬ ላይ ጠዋት ነበልባሉ ቢደክም ጋዙ አላለቀም፣ ቀዝቅዟል፤ ሲሊንደሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። እንደ ቦሬና ጨንቻ ባለ ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል (ጅማ 94)፣ ስለዚህ ባቄላና ምስር ያለ ፕሬሸር ኩከር ጋዝ መጨረሻ ነው።

ቡናው እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ከጅማ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ከሰሉ ከውጭ ይቀጣጠላል፣ ቡናውም ከውጭ ይፈላል፣ ከሰሉም ከውጭ ይጠፋል። ጭሱ ያለቀ ፍም ገዳይ ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። በቦሬ ብርድ «ጭሱ አልቋል» ተብሎ ፍም የያዘ ምድጃ መኪና ውስጥ ገብቶ በር መዘጋት የለበትም፤ መስኮት ከፍቻለሁ ማለትም አያድንም። ብርድ ልብስ ጨምሩ።

ወርቁ አገር ላይ

አዶላ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወርቅ የታወቀ ነው፤ የለገ ደንቢ ትልቁ ማዕድንም ከሻኪሶ አጠገብ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከዚያው መስመር ሹፌሮች ጠይቁ፣ በዕለቱ። መኪናዋን በተመለከተ ዋናው ነገር ማቆሚያ ነው። ሰው ለወርቅ የቆፈረው አሮጌ ጉድጓድ ሣር ይሸፍነዋል፣ ክረምት ውሃ ይሞላዋል፤ የታጠበው አሸዋና ጠጠር የተቆለለበት ሜዳም ደልዳላ ይመስላል እንጂ ውስጡ ልቅ ነው። የኋላ ጎማ የሚገፋት መኪና እዚያ ከገባች ራሷን ትቀብራለች። በእግር ሂዱና ተረከዛችሁን ምቱ፣ ከገባ ተመለሱ። ከወንዝ ዳር መቶ እርምጃ ያህል ራቁ፣ ነባሩ ቀይ አፈር ላይ አድሩ።

በገበቴ ወርቅ ሲለይ ማየት ለሚፈልግ የሚታየው ነገር ግልጽ ነው፤ ወርቅ ከአሸዋው ሰባት ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ገበቴው ሲወዛወዝ አሸዋው በውሃ ይወጣል፣ ጥቁሩ ከባድ አፈርና ወርቁ ሥር ይቀራሉ። ሥራ ላይ ያለን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው። ወርቅ መግዛት ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው፤ በመንገድ ዳር በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣውን አትንኩ፣ ኬላ ላይ ከተገኘ ለፍራፍሬ ወጥቼ ነው ማለት አይሰማም።

ስለ ጥቃቅኑ ባጭሩ። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃው ቦታ ከመያዝ በቀር አልጠቀመም፤ አካፋና ማደያ ይበቃሉ። ጎማ 8 ፕላይ ይሁን፣ ከፊት 40 ከኋላ 55 ፒኤስአይ፣ ጎሚስታው በዓይኑ አይሙላ። ወንበር ሲወጣ በሊብሬ ላይ ያለው የመቀመጫ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አይገጥምም፤ ለቦሎ ከመቅረባችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ፣ ለኢንሹራንሱም ውስጧ ጋዝ እንዳለ ንገሩ።

ከሻኪሶ ስትመለሱ የአየር ማጣሪያውን አውጡና ወደ ብርሃን አንሡት። ብርሃን ካላለፈ በኮምፕሬሰር ከውስጥ ወደ ውጭ አስነፉት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ አይደለም፤ ወረቀቱ የተቀደደ ከሆነ ግን አቧራው ቀጥታ ሲሊንደር ይገባልና እዚያው ቀይሩት። ትርፍ ማጣሪያ ከጅማ ይዞ መውጣት ይቀላል።